የሄሌና ጥልፍ ጀርባ

ጥልፉ ተሰርቋል። ሌባው ግን ክፈፉን ባዶ አልተወውም።

የመንደሯ ሙዚየም ጠባቂ ወይዘሮ ዩስቲና ሃርደር ክፈፉ ውስጥ ያገኙትን የውሸት ጥልፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፖሊስ ጠበቁ። ሻይ ውስጥ ተነክሮ ያረጀ የመሰለ አዲስ በፍታ ነው።

ፖሊሷ ኢርማ ኑፌልድ እዚያው የማኒቶባ ሜዳ ላይ፣ ሜኖናይት በሚባሉት ስደተኛ ክርስቲያኖች መንደር ያደገች ናት። እውነተኛውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሄሌና የተባለች ልጅ ቤተሰቧ ከሩሲያ ሲሰደድ መርከብ ላይ የጠለፈችው ነው፤ ፊደላት፣ ሁለት ወፎች፣ ከግርጌ ባሕር ላይ የሞተው ወንድሟ ስም፤ ሁሉም በመስቀልኛ ስፌት።

«አክስት ዩስቲና፣ አብራም ፌር ይሆኑ እንዴ?» አለች ኢርማ።

ሴትየዋ ዝም አሉ። ኢርማ ዝምታውን እንደ አዎንታ ቆጠረችው።

አብራም ፌር አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ናቸው። ኢርማ ስትደርስ ሱቃቸው በደንበኛ ተሞልቶ ነበር።

«ጥልፉን ልግዛ ብለው ነበር?»

«ደጋግሜ።»

«ክፍሉ ውስጥ ብቻዎን ቀርተው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የት አደረሱት?»

ሽማግሌው ደንበኞቻቸውን ቃኙ። «ልጄ፣ ይህን ጓዳ ገብተን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አሉ ቀስ ብለው።

ሱቁም ቤታቸውም ተፈተሸ። ምንም አልተገኘም። ወሬ ግን ማስረጃ አይጠብቅም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ኢርማ ይህን ስትሰማ ምሳዋን ትታ ተነሣች።

ቢሮዋ ተመልሳ የውሸቱን ጥልፍ ገለበጠችው። ሙዚየሙ ካለው የእውነተኛው ጀርባ ፎቶግራፍ ጋር አስተያየችው። ክሩ የዘለለበት፣ የተቋጠረበት፣ ልጅቷ ተሳስታ የተመለሰችበት ሁሉ አንድ ነው። አብራም ያዩት በመስታወት በኩል ፊቱን ብቻ ነው። ክፈፉን ከፍቶ ጀርባውን ያጠና አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ለመንደሩ ሴቶች ንድፉን በወረቀት የቀዱት የሙዚየሙ ጠባቂ።

ወይዘሮ ዩስቲና ሊጥ ሲያሹ ደረሰች። ጨርቁን በጀርባው በኩል ፊታቸው አኖረችው።

«ጀርባውንም ሳይቀር አስመስለው ጠለፉት። ማን ሊያየው?»

እጃቸው ሊጡ ውስጥ ቀረ። «የልጅቷን የእጅ ሥራ ማረም ከበደኝ» አሉ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ። የሄሌና የልጅ ልጅ ሣራ ቪቤ ዓይናቸው ጠፍቶ አልጋ ላይ ነበሩ። ጥልፉን ለሙዚየም የሰጡት አባታቸው ናቸው፤ እሳቸውን ያማከረ የለም። ከመሞቴ በፊት ልዳስሰው ብለው ለመኑ። ሙዚየሙ አይወጣም አለ። ዩስቲና ክረምቱን ሙሉ ጠልፈው፣ ቅጂውን ወስደው ሰጧቸው። ሣራ በጣታቸው ዳሰሱና፣ ይሄ የአያቴ አይደለም ብለው አለቀሱ። ዩስቲና ሄደው ቅጂውን ክፈፉ ውስጥ ከተው እውነተኛውን አመጡላቸው። በማግሥቱ ሊመልሱት ነበር። ሣራ ግን እንደታቀፉት ሞቱ። አስከሬናቸውን ያጠቡት ዩስቲና ነበሩ፤ ጥልፉን ከእጃቸው ማስለቀቅ አልሆነላቸውም። አለበሷቸውና ሣጥኑ ከነጥልፉ ተዘጋ።

ኋላ ከዊኒፔግ ጥልፉን የሚመረምር ባለሙያ እንደሚመጣ ሲሰሙ ፈሩ። ሳይቀደሙ ቀድመው ተሰረቀ አሉ።

«አብራምስ ምን በደሉ?»

«ስማቸውን ያነሣሽው አንቺ ነሽ» አሉ ዩስቲና። «እኔ ዝም አልኩ። ኃጢአቴ እሱ ነው።»

ኢርማ እጃቸውን እስኪታጠቡ ጠብቃ መኪናዋ ውስጥ አስገባቻቸውና፣ ከፖሊስ ጣቢያ በፊት ወደ አብራም ቤት ነዳች።

ሽማግሌው በራቸው ላይ ቆመው ሁለቱንም ሰሙ። አልተቆጡም። ኢርማን ይበልጥ የከበዳት ይህ ነው።

«ጥልፉ ከሣራ ጋር ተቀበረ። ይሁን፣ የዘሯ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የእኔ ስም የተቀበረው ግን በቁሜ ነው። እሱን ማን ቆፍሮ ያወጣልኛል?»

ዩስቲና አቀረቀሩ። ኢርማ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት የተናገረችውን እዚህ፣ ባዶ ደጅ ላይ በሹክሹክታ ልትመልሰው መሆኑ ገባት፤ አፏን መልሳ ዘጋችው።

«ነገ ሱቅዎ እመጣለሁ» አለች። «ሰው ሲሞላ።»