አንደኛው ድንኳን

የጥር ፀሐይ የፓራጓይን ዋና ከተማ አሱንሲዮንን ገና በማለዳው መጥበስ ስትጀምር፣ ከስታዲየሙ አጥር ሥር ከተደረደሩት ድንኳኖች የመጀመሪያው ሳይከፈት ቀረ። ጎረቤቶች ተጣሩ፤ መልስ የለም። ዚፑን ከፍተው ሲገቡ ኤርሚንዳ ቪያልባ ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ባዶ የውሃ ጆግ አቅፋ በጎኗ ተኝታለች። ገላዋ ቀዝቅዞ ነበር። ያን ያህል ሙቀት ባለበት ከተማ እሷ ብቻ ቀዝቅዛ ነበር።

ዐቃቤ ሕጓ ፔትሮና አኪኖ፣ በአገሩ ልማድ እንደ ሕግ ሰው ሁሉ «ዶክቶራ» የምትባለው፣ ስትደርስ ፖሊሶቹ አንዲት ልጅ መኪናው አጠገብ አቁመዋል።

«ማናት?» አለች ፔትሮና።

«የሟች የአክስት ልጅ ናት፣ ዶክቶራ። ሱኒልዳ ትባላለች። መድኃኒቱን በእጇ ያመጣችላት እሷ ናት። አሁን ደግሞ ቦታው የእሷ ሆኗል።»

«የምን ቦታ?»

ፖሊሱ በአገጩ ወደ ድንኳኖቹ አመለከተ። «የሊሳንድሮ ኦቬላር ኮንሰርት ነዋ! እነዚህ ልጆች ፊት ለመቆም ብለው እዚህ መንገድ ላይ ከረሙ። አብሮ የሚያድር ሰው ቦታውን ይወርሳል፤ ሕጋቸው ነው። ኢንተርኔቱ እኮ ፈርዶባታል፤ እኛ ነን የዘገየነው።»

ፔትሮና የልጅቷን ስልክ ተቀብላ አየች። የዘፋኙ አፍቃሪዎች ራሳቸውን ሙዋ ይላሉ፤ በጨለማ እያበራች የምትበር ትንሽ ነፍሳት ናት። ትናንት በልብና በኮከብ ሲጻጻፉ የነበሩት ሙዋዎች ዛሬ ሱኒልዳን «ገዳይ»፣ «የረግረግ አይጥ»፣ «ለአንድ ወረፋ እህቷን የበላች» እያሉ ይጽፉላታል። አድራሻዋን የለጠፈም ነበር። ስልኩ በእጇ ውስጥ እንደታሰረ ፌንጣ ይንቀጠቀጣል።

«መኪና ውስጥ አታስገቧት» አለች ፔትሮና። «ጥላ ውስጥ አስቀምጧትና ውሃ ስጧት።»

የአስከሬን መርማሪው ብዙ አላስጠበቀም። «መርዝ የለም፤ ጉዳትም የለም። ልጅቷ ከሕፃንነቷ የስኳር ሕመምተኛ ናት። የገደላት ስኳሯ ነው። ኢንሱሊን ጭራሽ እንዳልወሰደች ሆና ነው የሞተችው።»

«ግን ወግታለች፤ ሆዷ ላይ የመርፌ ምልክት አለ።»

«እሱ ነው የገረመኝ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ጊዜውም አላለፈም። ነገር ግን ኃይል የለውም። ሞቷል። ወይ በሙቀት በስሏል፣ ወይ በረዶ ሆኖ ቀልጧል።»

ፔትሮና ከሱኒልዳ ጎን ድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀመጠች። አትቸኩልም፤ ዝምታን ትወዳለች። ሰው ዝም ሲባል ራሱን እንደሚናገር ከብዙ ዓመት ሥራ ተምራለች።

«ኤርሚንዳ ወረፋውን የያዘችው ለራሷ አልነበረም» አለች ሱኒልዳ በመጨረሻ። «ለእትዬ ፊዮሬላ ነው፤ እኔ የምሠራበት ቤት ልጅ ናት። ለኤርሚ ኋላ የሚያስቆም ቲኬት ልትገዛላት ተስማሙ። እኛ የባኛዶ ሰዎች፣ የወንዝ ዳር ድሆች፣ በሌላ መንገድ ቲኬት ከየት እናመጣለን? ወንዙ ሞልቶ ቤታችን የገባ ጊዜ እንኳ በሊሳንድሮ ዘፈን ነው ጭቃውን ያወጣነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«ጤና ጣቢያ አዲስ ብልቃጥ ሰጧት። ሙቀቱ ባሰ። ‹ሱኒ፣ የድሮውን እስክጨርስ ይሄን ፍሪጅ አስገቢልኝ› አለችኝ። ሰኞ ወሰድኩት፣ ሥራ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ማታ ማታ እዚህ ከእሷ ጋር ነው የማድረው። ማክሰኞ ማታ አመጣሁላት። በቃ!»

«ማክሰኞ ጠዋት አየሽው?»

ልጅቷ ግንባሯን አኮማተረች። «ጠዋት... አጣሁት። ከሰዓት ግን ቦታው ላይ ነበር። ደህና አድርጌ ሳላይ ቀርቼ ነው ብዬ ተውኩት። ስሟ ያለበት ወረቀት ረጥቦ ነበር።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን ልንገር? እዚያ ቤት የእኔ ኩባያ እንኳ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ደግሞ ደፍሬ ብልቃጥ ፍሪጃቸው ውስጥ አስገብቻለሁ ልበል?»

የሙዋዎቹ መሪ ሮሳሊኖ ረጅም፣ ድምፁ የሰለለ፣ ጸጉሩን የዘፋኙን ጸጉር አስመስሎ የቀባ ወጣት ነው። ስም ጥሪውን በቀጥታ ስርጭት የሚመራው እሱ ነው። ጥሪው በተወሰነ ሰዓት አይደረግም፤ ሲፈልግ ይጠራል፤ የሌለ ወደ ጅራት ይወርዳል።

«ዶክቶራ፣ ሕግ ባይኖር እኮ ሀብታም መጥቶ ይቀድመናል!»

«አሁንስ አልቀደመም?»

ሮሳሊኖ ዐይኑን ሰበረ።

«ታማ እንደነበር አላወቅህም?»

«በዚህ ሙቀት ማን ያልታመመ አለ? ሁሉም ያስመልሰዋል። ዐርብ ሐኪም ቤት ልሂድ ብላኝ ነበር። ‹የኔ ቆንጆ፣ አንድ ቀን ነው የቀረሽ፤ ከሄድሽ ግን ትወርጃለሽ› አልኳት። ከዚያ... ‹እሺ፣ እችለዋለሁ› አለች።» ወደ አንደኛው ድንኳን ዞረ። «ሰው ስለ ሕመሙ ሲጠይቅ በማኅበሩ የኢንተርኔት ገጽ የምትመልሰው እሷ ነበረች። ለሁሉም። ስለራሷ ስትናገር ግን አላየሁም።»

«የዚህን ሳምንት ስርጭት ሁሉ ላከልኝ» አለች ፔትሮና።

ቢሮዋ ተቀምጣ ስርጭቶቹን አየች። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ክብ ሠርተው ቴሬሬ ይጠጣሉ፤ ሮሳሊኖ በአንድ የቀንድ ዋንጫ የታጨቀውን ቅጠል በበረዶ ውሃ እየሞላ በየተራ ያዞራል። ሰው ሲበቃው ዋንጫውን እየመለሰ «ግራሲያስ»፣ አመሰግናለሁ፣ ይላል፤ ያ ቃል እስኪወጣ ድረስ ቀጂው መሙላቱን አይተውም። ሰኞ ኤርሚንዳ ሦስት ጊዜ ጠጥታ አመሰገነች። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ግን ቃሉ ከአፏ አልወጣም።

«ሴትዮ፣ ሆድሽ የፓራጓይ ወንዝ ነው እንዴ?» ይላል ሮሳሊኖ እየሳቀ።

«አንተ ቅዳ፣ ለንግግሩ ትደርሳለህ!» ትላለች እሷ፤ ሁሉም ይስቃል።

ሐሙስ ከንፈሯ ደርቋል። ዐርብ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዐይኗ ሰምጦ፣ ደግማ ደጋግማ ትጠጣለች፤ አሁንም የሚስቅ አለ። ፔትሮና ስልኩን ዘግታ አማተበች።

ቪያ ሞራ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ያለው የፊዮሬላ ቤት በር ላይ የሸንበቆ ቅርጫት ተቀምጧል።

«ሠራተኞች ሲገቡ ስልካቸውን እዚያ ያኖራሉ፤ ሲወጡ ይወስዳሉ» አለች ፊዮሬላ። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዐይኖቿ በለቅሶ አብጠዋል። «የእማዬ ደንብ ነው። እኔ እንኳ አላደርገውም ነበር፤ ግን አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው።»

«እናትሽ የሉም?»

«አባዬና እማዬ ባሕር ዳርቻ ናቸው፤ ከገና በዓል ጀምሮ። ብቻዬን ነኝ። ሱኒልዳ ቀን ቀን ትመጣለች።»

«ሱኒልዳ ፍሪጅሽ ውስጥ መድኃኒት አስቀምጣ ነበር።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ማዕድ ቤቱ የእሷ ነው።» ከዚያ ፈጠን ብላ፣ «ኤርሚን እኮ እወዳት ነበር! ፎቶአችን አለኝ፤ ላሳይዎት?»

ፎቶው ላይ ሁለቱ ልጆች ጉንጭ ለጉንጭ ናቸው። ፊዮሬላ ስትስቅ አታስመስልም። ፔትሮና አመሰገነችና ጓሮውን አየት አድርጋ ወጣች፤ እዚያ ሥጋ የሚጠበስበት ዳስ ሥር ትልቅ የሥጋ ፍሪዘር አለ፤ ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ስታዲየሙ ፊት ባለው ማንጎ ሥር ሰበሰበቻቸው። የወደቀ ማንጎ መሬት ላይ ይሸታል። ሮሳሊኖ ቆሟል፤ ፊዮሬላ መነጽር አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሱኒልዳ በሁለት ፖሊሶች መካከል ነች። ሙዋዎቹ ዙሪያውን ከበቡ፤ ብዙዎቹ ስልካቸውን ወደ ሱኒልዳ ፊት ደግነዋል።

«ስልኮቹን አውርዱ» አለች ፔትሮና። «ዛሬ በጆሯችሁ ስሙ።»

አወረዱ።

«ኤርሚንዳ በሞተ መድኃኒት ራሷን እየወጋች ነው የሞተችው። መድኃኒቱ መቼ ሞተ? እናንተው ነገራችሁኝ። እስከ ማክሰኞ ቴሬሬ ስትጠጣ ይበቃታል። ከረቡዕ ጀምሮ አልበቃትም። ስኳሩ የሚያቃጥለው ሰው ጥሙ አይቆረጥም። እናንተ ሳቃችሁ፤ አላወቃችሁም። ሙቀት አበላሸው እንዳልል አዲሱን ብልቃጥ የጀመረችው ማክሰኞ ማታ ነው፤ እስከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ሙቀት ያን ያህል አይገድለውም። ስለዚህ በረዶ ሆኗል። ሰኞ ማታ እንደ ድንጋይ ደርቆ ማክሰኞ ቀለጠ። ጠዋት ከቦታው የጠፋው፣ ከሰዓት ወረቀቱ ረጥቦ የተገኘው ለዚህ ነው።»

«ያው እሷ ናት!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «ያመጣችው እሷ አይደለችም?»

«ሰኞ ሌሊት ሱኒልዳ የት አደረች?» አለች ፔትሮና ወደ ሮሳሊኖ ዞራ።

«እዚሁ» አለ። «ከድንኳኑ አልወጣችም። አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሲያንሾካሹኩ እንቅልፍ ነሱኝ።»

«ስለዚህ ፍሪዘር ውስጥ ያስገባው ሌላ ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን ስህተት ነው ብዬ እሄድ ነበር። ነገር ግን ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ማኅበራችሁ ውስጥ፣ ስም ሳይገለጥ በሚጠየቅበት ገጽ ላይ፣ አንድ ሰው እንዲህ ሲል ጠየቀ።» ወረቀት አወጣች። «‹የአንዲት ዘመዴ ኢንሱሊን ሌሊቱን ከሥጋ ጋር ፍሪዘር ውስጥ አደረ። ቀልጧል፤ ምንም አይመስልም። ይሠራል?›»

ፔትሮና ቀና ብላ የከበቧትን አየች።

«ሮሳሊኖ አልጠየቀም፤ በዚያ ሰዓት በሁላችሁም ፊት ዋንጫ ይዞ ሲቀዳ ነበር። ሱኒልዳም አልጠየቀችም፤ ሥራ ላይ ሳለች ስልኳ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ነው። የዚያ ቤት ደንብ ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ፊዮሬላ ናት። በዚያ ቤት ሦስተኛ ሰው የለም።»

ፊዮሬላ መነጽሯን አወለቀች። «ምግብ ውስጥ ስለነበር ነው» አለች በቀጭን ድምፅ። «የማን እንደሆነ አላወቅኩም፤ እማዬ የሠራተኛ ዕቃ ከምግባችን ጋር አትወድም። ሰኞ ማታ አውጥቼ ጓሮ አስገባሁት። ጠዋት ስሙን ሳነብ... የኤርሚ ነው። ቀለጠ ብዬ መለስኩት።»

«ከመመለስሽ በፊት ግን ጠየቅሽ። መልስም አገኘሽ።»

ፊዮሬላ መነጽሯን አጣጠፈች።

«መልሱን ላንብብ» አለች ፔትሮና። «‹የኔ ሙዋ፣ በምንም ተአምር እንዳትወጊያት! በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ጥርት ብሎ ቢታይም ሞቷል። ጣዪው። ሌላ ከሌላችሁ አትፍሪ፣ አላሳፍርሽም፤ ወደ እኔ ነይ። አዲስ ብልቃጥ ዛሬ ማታ ይመጣልኛል፤ እንካፈላለን። አንደኛው ድንኳን ነኝ። ኤርሚንዳ።›»

ሱኒልዳ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ከልጆቹ አንዷ ጮኻ ተቀመጠች።

«ከመልሱ ሥር ከጠያቂዋ ቀይ ልብ ተቀምጧል» አለች ፔትሮና። «አንብበሽዋል።»

«ልገዛላት ነበር!» ፊዮሬላ ተነሣች። «እምላለሁ! ብነግራት ጤና ጣቢያ ልትሄድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያቆሟታል፤ ስም ጥሪ ያልፋታል፤ ቦታችን... ፋርማሲው ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፣ ዶክቶራ! ሱኒልዳ ሳትሄድ ገዝቼ ልለውጠው አስቤ ነው የመለስኩት።»

«ለምን አልገዛሽም?»

ልጅቷ የከበቧትን ፊቶች አንድ በአንድ አየች፤ ከእነርሱ መልስ የምትጠብቅ ይመስል።

«ለኮንሰርቱ የሚሰፋልኝን ልብስ ልለካ ሄድኩ። ከዚያ... ረሳሁት።»

«እስከ ቅዳሜ?»

«ረቡዕ ትዝ አለኝ። ስርጭቱን አየሁ፤ ትስቃለች። ደህና ናት፣ ሠርቶላታል አልኩ።»

ማንም አልሰደባትም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ፖሊሶቹ ከሱኒልዳ ጎን ተነሥተው ወደ ፊዮሬላ ሄዱ፤ እሷም እጇን ሳትጠየቅ ዘረጋች። ሮሳሊኖ ተንበርክኮ ነበር።

«እኔንስ?» አለ። «ዐርብ እኮ ለምናኛለች።»

«ለአንተ የሚሆን አንቀጽ የለኝም፣ ልጄ» አለች ፔትሮና። «እሱን ከፈጣሪ ጋር ተነጋገርበት።»

የሱኒልዳ ስልክ እንደገና ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አሁን ይቅርታ ነው የሚዘንበው፤ ልብ፣ ኮከብ፣ «እህታችን»፣ «ቦታው ያንቺ ነው፣ ፊት ትቆሚያለሽ»። አላየችውም። አጠፋችውና ወደ ፔትሮና ጠጋ አለች።

«ዶክቶራ፣ አስከሬኑን መቼ ይሰጡናል? አክስቴ ቤቱን ጠርጋ ትጠብቃለች። እኛ ጋ መብራት የለም፤ በዚህ ሙቀት ማሳደር አንችልም።»

ፔትሮና ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ማን እንደሆነ አሰበች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ቢሮው ዝግ ነው፤ ለባኛዶ ሰው ደግሞ ሰኞም ዝግ ነው።

«አሁን» አለች። «ነይ፣ አብረን እንሄዳለን። እስኪሰጡን ከበሩ አልነሣም።»