ውሃ ያለበት ሳህን

«እንዳታይ! አጭበርባሪ!» አለች ኑአላ፣ የአያቷን ሻርፕ በወንድሟ ዓይን ላይ ጠበቅ አድርጋ እየቋጠረች።

«ኧረ ቀስ! ጭንቅላቴን ልትነቅይው ነው እንዴ?» አለ ዶናል። የወረቀት ጭንብል ያጠለቁት የጎረቤት ልጆች በሳቅ ተንከተከቱ።

ልጆች ጭንብል አጥልቀው ቤት ለቤት የሚዞሩበት የሃሎዊን ምሽት ነው። በዚህ የአየርላንድ ባሕር ዳር መንደር ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉም በየቤቱ ይህን ጨዋታ ይጫወታል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ይቀመጣል፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ቀለበት፣ አንዱ ሳንቲም ያለበት። ዓይኑን የታሰረው ሰው እጁን ይሰዳል። ቀለበት የነካ ያገባል፣ ሳንቲም የነካ ይከብራል፣ ውሃ የነካ ባሕር ይሻገራል። የነካው ይሞታል የሚባል፣ አፈር ያለበት አራተኛ ሳህንም ነበር። አያታቸው እማማ ሆኖራ ግን ባላቸው የሞቱ ዓመት አፈሩን ከነሳህኑ ጓሮ ወርውረውታል፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አፈር አይቀርብም።

ሳህኖቹን የሚያዘዋውሩት ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። ዘንድሮ እጃቸው ቢንቀጠቀጥ ለልጅ ልጃቸው ለቀቁላት። «አንድ ነገር ብቻ፣» አሏት፣ «ሳህን የሚያዘዋውር ሰው የራሱ ምኞት የለውም። ምኞትሽን በር ላይ አስቀምጪው።»

ለአፍማ ቀላል ነው! አውስትራሊያ ያለው የዶናል ጓደኛ «ሥራ አግኝቼልሃለሁ፣ ና» ካለው ወዲህ ኑአላ ሆዷ ባብቷል። ዶናል ራሱ አንድ ቀን እሄዳለሁ፣ አንድ ቀን እቀራለሁ ይላል። ዛሬ ደግሞ እራት ላይ ዳቦውን እየጎረሰ፣ «በቃ፣ ሳህኑ ይወስን! በሦስት ሙከራ አንዴ ውሃ ከነካሁ ትኬቴን እቆርጣለሁ፤ ካልነካሁ አርፌ ከአባዬ ጋር ዓሣዬን አጠምዳለሁ» አለ። ሁሉም ሳቀ። ኑአላ አልሳቀችም። ወንድሟን ታውቀዋለች፤ በቀልድ የጀመረውን በእልህ ነው የሚጨርሰው።

እሱ ከሄደ ማን ያበሽቃታል? ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጥሩ ጋ ቆሞ ማን ያፏጭላታል? ገና ሳይሄድ ናፈቃት።

«ልጀምር ወይስ እዚሁ ላርጅ?» አለ ዶናል።

ሳህኖቹን አዘዋወረች። እጁ ወደ ውሃው ሲያዘነብል ሳህኑን ሳብ አድርጋ ቀለበቱን ተካችበት።

«ሙሽራው!» ልጆቹ ጮኹ።

«የማንን ልጅ ልታሰቃይ ነው?» አሉ እማማ ሆኖራ። ዓይናቸው ስለደከመ ያደረገችውን አላዩም። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው አባቷ ግን አይቷል። በዓይኑ ጠቀስ አደረጋት። ብቻዋን አለመሆኗን ስታውቅ ደስ አላት።

በሁለተኛው ሙከራ ሳንቲሙን ሰጠችው። «ሀብታሙ! ከረሜላ ግዛልን!» ልጆቹ አጨበጨቡ።

ዶናል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከንፈሩ ላይ አልቆየም። ሻርፑ የሸፈነው ዓይኑን ብቻ ነው። እጁም ከጠረጴዛው አልተነሳም። ጣቶቹ እንጨቱን እየዳበሱ በሳህኖቹ መሐል ወዲያ ወዲህ አሉ። ውሃውን እየፈለገ ነበር።

«አንድ ቀርቶሃል፣» አለች ኑአላ።

«አውቃለሁ፣» አለ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ገባት። መሄድ ይፈልጋል። «ልሂድ?» ብሎ አባቱን መጠየቅ ስላልደፈረ ነው ነገሩን ሳህን ላይ የጣለው። አሳዘናት። አባቷ በአገጩ ወደ ሳንቲሙ አመለከታት። እሷም ብትሆን ሌላ ምን ትመኛለች?

ለመጨረሻ ጊዜ ሳህኖቹን አዘዋወረች። የዶናል እጅ ወደ ሳንቲሙ ወረደ። ኑአላ ሳንቲሙን ወደ ራሷ ሳበችና ውሃውን ገፋ አደረገችለት።

ጣቶቹ ውሃው ውስጥ ገቡ። አባቷ ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ። ዶናል እጁን ቶሎ አላወጣም። በሌላኛው እጁ ሻርፑን ወደ ላይ ገፍቶ መጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አላት በሹክሹክታ።

«ሳህን የሚያዘዋውር ሰው ምኞት የለውም፣» አለችው።

ዶናል ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያደርገው እርጥብ ጣቶቹን ፊቷ ላይ አራገፈባት። ልጆቹ እንደገና ሳቁ። ኑአላ ፊቷን አልጠረገችም። እንዲህ ረጥቦ እያለ ማንም ምን ሆንሽ አይላትም።

ሻርፑን ከጭንቅላቱ ላይ ፈታችና ከፍ አድርጋ ያዘች።

«አባዬ፣ ና፣» አለች፣ «ተራው ያንተ ነው።»