ከቁም ሣጥኑ ጀርባ

«ትንሽ ወደ ግራ» አለ አብዱልሐሊም ላቡን በክንዱ እየጠረገ። ልጁ ሱመያ ትከሻዋን አስደግፋ ገፋች። ከባዱ ቁም ሣጥን እየተንቋቋ ሄዶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ እርጥበት የተወው ቡናማ ምልክትም ከዓይን ጠፋ። አባቷ ደጋግሞ ቀለም ቢቀባውም ምልክቱ አሻፈረኝ ብሎ ብቅ እያለ አስቸግሮት ነበር።

ቤታቸው መርሳ ውስጥ አሉ ከሚባሉት ነው፤ ችግሩ ይህ የኋላ ክፍል ብቻ ነው። ነሐሴ ሲገባ ከጓሮው ዳገት ውሃ ሰርጎ ይመጣና ወለሉ ላይ ይተኛል። ዓምና የሱመያ ደብተሮች የበሰበሱት እዚሁ ነው። አሁን ግን ወሩ ጥር ስለሆነ ወለሉ ደርቆ ያበራል። ቤቱ ዛሬ ከተሸጠ ወልድያ ይገባሉ። የልጅነት ጓደኛዋ ኢብቲሳም ቀድማት ገብታ፣ «ነይ እንጂ፣ አንቺ ፋራ» እያለች በየቀኑ ትጽፍላታለች። ሱመያም በሕልሟ ሳይቀር ወልድያ ናት።

ገዢዋ መምህርት አይናለም ግንበኛ አስከትላ መጣች። ግንበኛው ጌትነት ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ዞረ። ጣራውን አይቶ፣ በሮቹን ከፍቶና ዘግቶ፣ ሁሉንም «አሪፍ ነው» አለ። ቁም ሣጥኑንም አንኳኩቶ አሪፍ ነው አለ። ሱመያ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች።

መምህርቷ የኋላው ክፍል ውስጥ ቆም አለች። «ይህን ለልጄ አደርገዋለሁ። መጻሕፍቷን ወለሉ ላይ ዘርግታ ነው የምታነበው» አለችና ወደ ሱመያ አባት ዞረች። «ጋሽ አብዱልሐሊም፣ ያልነገሩኝ ነገር የለም አይደል?»

አብዱልሐሊም ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ጓሮው ማንጎ ማውራት ጀመረ።

ሱመያ አፈረች። አባቷ በመርሳ ከብት ገበያ የታወቀ በሬ ነጋዴ ነው። ገዢ ሲመጣበት ገመዱን ወደ ኋላ ይይዝና «አመሉን ሳልነግርህ አላስጨብጥህም» ይላል። ይህ ይራገጣል፣ ያ አጥር ይጥሳል፣ ያኛው ቀንበር ሲያይ ይተኛል እያለ ይዘረዝራል። ሰው ከሐራ ድረስ እሱን ፈልጎ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ እሷም በዚህ ስትኮራ ነው ያደገችው። ዛሬ ግን ገመዱን ዝም ብሎ ሊያስጨብጥ ነው። ለነገሩ እሷም አብራ ገፍታለች።

ኢብቲሳም ትዝ አለቻት። ቢሆንም ሄዳ የቁም ሣጥኑን አንድ ጫፍ ያዘች።

«አባ፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

አባቷ ትክ ብሎ አያት። የማንጎው ወሬ እዚያው ቀረ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበና «ቢስሚላህ» ብሎ ሌላውን ጫፍ ያዘ።

ቁም ሣጥኑ ዳግም ተንቋቋ። መምህርቷ ጎንበስ ብላ ምልክቱን ነካ አደረገችው። «ውሃው እስከ መቼ ይቆያል?»

«ነሐሴን ሙሉ» አለ አብዱልሐሊም በገበያ ድምፁ። «የኩሽናውም በር ነፋስ ሲነሳ ራሱ ይከፈታል። ማንጎውም ቢሆን ዓመት እየዘለለ ነው የሚያፈራው።» አንዴ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል?

መምህርቷ ሳቀች። ትግዛ አትግዛ ግን አልተናገረችም። ግንበኛው ወደ ግድግዳው ተመልሶ፣ አሁን በጥንቃቄ ማንኳኳት ጀመረ።

የሱመያ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ኢብቲሳም መሆኗን ታውቃለች፤ ግን አላወጣችውም።

«ይምጡ ቲቸር» አለች፣ «ውሃው የሚገባበትን ላሳይዎት።» ወደ ጓሮውም ቀድማ ወጣች።