ከግድግዳው ማዶ

መምህርት ዘመናይ ይስማውን የወደደችው በጆሮዋ ነው። ቁይ ውስጥ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት የሁለቱን ሁለተኛ ክፍሎች የሚለየው ስስ የጭቃ ግድግዳ ነበር። የእሷ ልጆች በድንጋይ ላይ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው በየቃሉ እየቆሙ ሲያነቡ፣ የእሱዎቹ ንባብ ከማዶ እየወጣ እየወረደ ይፈስ ነበር። ይስማው ደብረ ወርቅ የቆሎ ተማሪ ሳለ እንደተማረው ያስተምራል፤ እሱ ይመራል፣ ልጆቹ ይከተላሉ።

ወደ ዘመናይ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን መምህራኑ ሁሉ ያውቁ ነበር።

አንድ ቀን እሱ ስብሰባ ሄዶ ክፍሉን ጠበቀችለት። የብርጓል የምትባል ልጅ እንድታነብ አዲስ ገጽ ገለጠችላት። ልጅቱ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ድምጿን አሳምራ፣ ገጹ ላይ የሌለውን የትናንቱን ተረት በቃሏ ተወጣችው። ሌሎቹም እንደዚያው ሆኑ።

ዓርብ የወላጆች ቀን ነው፤ ወላጅ የወደደውን ገጽ መርጦ ያስነብባል። ዝም ብትል ልጆቹ ያፍራሉ፤ ብትናገር ይስማውን ታጣዋለች። ሁለት ቀን አመንትታ ነገረችው።

«ቀናሽ እንዴ?» አላት እየሳቀ።

«በቀናሁ። ያልመራሃቸውን ገጽ አስነብባቸው።»

እስከ ዓርብ ድረስ በሻይ ሰዓት አጠገቧ አልተቀመጠም።

ዓርብ ዕለት ግን ልጆቹን ከማስነሳቱ በፊት ራሱ ተነሣ። «ልጆቼ በቃል ነው የያዙት። የሸመደዱት በእኔ ጥፋት ነው» አለ። «መምህርት ዘመናይ ካገዘችኝ እስከ ሰኔ ያነባሉ።»

«እሷስ ታግዝሃለች?» አሉ አቶ ድረስ፣ የብርጓል አያት። ወላጁ ሳቀ።

ዘመናይ አንገቷን ደፍታ፣ «አግዘዋለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ክፍሎች ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ አስቀመጧቸው። እሷ መጀመሪያ ፊደሉን በጣት ታስለያቸዋለች፤ እሱ የት ተንፍሰው የት ድምፅ እንደሚያነሡ ያሳያቸዋል። ተረቱ ውስጥ ጅቡ ሲቆጣ ተቆጡ፣ አህያዋ ስትለምን ለምኑ ይሏቸዋል። አንዳንዱ ቀን ከድካም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ግንቦት ላይ የብርጓል ማንም ያላነበበላትን ገጽ ገለጠች። ሁለት ቦታ ተደናቀፈች፣ ተመልሳ አስተካከለች፤ ጅቡ ዘንድ ስትደርስ ድምጿን አጎርንና አስፈራራች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ይስማው ዘመናይን አያት፤ እሷም ዓይኗን ከእሱ አላነሣችም።

ልጆቹ ሲወጡ ጠመኔ እየሰበሰበ፣ «አሁንም ሽማግሌ ብልክ ይቀበሉኛል?» አላት ቀስ ብሎ።

«አባቴ ቅዳሜ ገበያ አይወጣም» አለችው። «በጠዋት ይምጡ።»