ወደ ጫፉ ጠጋ ይበል

ሸረፈዲን ሞቶ የተገኘው አሞራ ገደል ከሚሉት አፋፍ ሥር፣ ከደሴ አቅራቢያ፣ ከገራዶ ወዲህ ነው። እንጨት ለቅመው የሚመለሱ ሴቶች አይተውት ጮኹ። ሰዎች ሲደርሱ በጎኑ ተኝቶ፣ አንድ ክንዱን ተንተርሶ፣ ደክሞት ጥቂት ያረፈ መንገደኛ ይመስል ነበር። የሰማው ሁሉ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። ሸረፈዲን ተጓዦችን እየመራ በዚያ አፋፍ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ክረምቱ ጫፉን ሰንጥቆታልና ማንም እንዳይጠጋ ብሎ ያስጠነቀቀውም እሱ ራሱ ነው። ታዲያ ምን ሊያደርግ ሄደ?

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከአንድ የሕንጻ መሣሪያ መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮዋ የተቀመጠችው ሙና መልሱን ታውቅ ነበር። ቢያንስ ግማሹን።

ሙና ድረ ገጽ ትሠራለች። ሸረፈዲንና ሸሪኩ ጋሹ «የጦሳ ዱካ» የሚባል ድርጅት ነበራቸው፤ እንግዳ በእግርና በፈረስ ተራራ የሚያዞር፣ ድንኳን ተክሎ የሚያሳድር። አዲሱን ድረ ገጽ የምትሠራላቸው እሷ ነበረች። ሸረፈዲን በሞተበት ዕለት ጠዋት ከድርጅቱ ቴሌግራም አንድ ፎቶ መጣላት። ሸረፈዲን ጀርባውን ሰጥቶ አፋፉ ላይ ቆሟል፤ ከፊቱ ጉም የሞላው ሸለቆ ተዘርግቷል። ወደደችው። ሳታመነታ ጻፈች፦ «በጣም ያምራል! ትንሽ ወደ ጫፉ ጠጋ ይበል፣ ሸለቆው ይበልጥ እንዲታይ።»

ሁለተኛ ፎቶ አልመጣም። ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት የመጣውን አስተካክላ ገጹ ላይ ጫነችው። የሞቱን ወሬ የሰማችው የቀትሩ የዙህር ሶላት ሳይደርስ ነው። ቴሌግራሙን ስትከፍት ፎቶውም የለም፣ የጻፈችውም ቃል የለም። አንድ ሰው ከሁለቱም ወገን አጥፍቶታል። መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ወዲያው ደግሞ በዚያ እፎይታዋ አፈረች፤ እፍረቱም አልለቀቃት አለ።

በነጋታው ጠዋት ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ ከደሴ ወርዳ መጣች። አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሲያዩዋት ጡረታዋ የደረሰ አስተማሪ የምትመስል ሴት ናት። ስልኳን ከፍታ የድርጅቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«ይሄ ሥራ ለእኔ እንግዳ ነው። እስቲ አስረጂኝ» አለች።

ሙናን ስለ ሥራዋ መጠየቋ ትንሽ አረጋጋት። «ሰው ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ፎቶውን ነው። እዚያ ቦታ ራሱ የቆመ ካልመሰለው ይዘጋውና ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፎቶ፣ ጥቂት ቃል፣ የስልክ ቁጥር፣ ‹ቦታ ያዙ› የሚል ቁልፍ። ኔትወርክ ደካማ በሆነበትም ቶሎ እንዲከፈት ፎቶውን አቀልለዋለሁ።»

«ይሄ ሰው ታዲያ ለምን ወደ ቀኝ ጥግ ተገፋ? እኔ ፎቶ ሳነሳ ሰውን መሀል ነው የማቆመው።»

«ግራው ባዶ እንዲሆን ነው። ጽሑፉና ቁልፉ የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው።»

«ይሄን ለማን ነግረሽ ነበር?»

«ለአቶ ጋሹ። እሳቸው ለሌሎቹ ነግረዋቸው ይሆናል።»

«የድርጅቱ ቴሌግራም በማን በማን ስልክ ላይ አለ?»

«በሦስቱ። በሸረፈዲን፣ በአቶ ጋሹና ፈረሶቹን በሚጠብቀው በሙንዚር።»

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አጠለቀችና ፎቶውን በቅርብ አየችው። «መቼ ነው የደረሰሽ?»

ያን ዕለት ጠዋት ብትል፣ ቀጥሎ የሚመጣው «ምን ብለሽ መለስሽ?» የሚል ጥያቄ ነው።

«ባለፈው ሳምንት» አለች።

ሰርክአዲስ «እሺ» ብላ ስልኳን አነሳችና ወጣች።

ፎቶው ባለፈው ሳምንት የተነሳ ከሆነ፣ ያን ጠዋት ከሸረፈዲን ጋር ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ፖሊስ ጠበኛ መፈለግ ጀመረ፤ ለማግኘትም አልቸገረውም። በዋዜማው ሙንዚርና ሸረፈዲን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር መሀል፣ ሰው እያያቸው፣ በሚያነክስ ፈረስ ጉዳይ ተጯጩኸው ነበር። ሙንዚርም ያን ጠዋት ገራዶ ታይቷል፤ እሱ ፈረስ አድርሼ ተመለስኩ ይላል። ከቀትር በኋላ ያዙት። አስር ሰዓት ላይ ሸረፈዲን ሲቀበር ሙንዚር ደሴ ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ነበር።

ወሬውን ለሙና የነገራት ጋሹ ነው። «ያዙት እኮ! ሙንዚርን!» አለ በስልክ። ድምፁ ያዘነም የተገላገለም ይመስል ነበር። ሙና ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። እናገራለሁ አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ዛሬ ያጣራሉና ይለቁታል ብላ ራሷን አባበለች።

ግን አልለቀቁትም። በማግስቱ ኢንስፔክተሯ መኪና ልካ አስመጣቻት፤ ገጹን የምታሳየኝ አንቺ ነሽ በሚል ምክንያት። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ሙና ከመስኮቱ ውጭ ታይ ነበር።

የጦሳ ዱካ ቢሮ ሰኞ ገበያ፣ ከልብስ ሱቆች ኋላ ነው። ጋሹ ዓይኑ ቀልቶ ጠበቃቸው። ሸንቀጥ ያለ፣ ተናጋሪ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ንግግሩ ይቆራረጥ ነበር።

«ያን ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?» አለች ሰርክአዲስ።

«ኮምቦልቻ። ለሥራ ጉዳይ ወርጄ ነበር።»

«የዚህን ገጽ ፎቶ ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀውም? በየቀኑ ነው የማየው። እንዲያውም ፎቶው ራሱ ይመሰክር የለም እንዴ? እግሩ ሥር የሙንዚር ኮርቻ ተጋድሟል! አብረው ለመሆናቸው ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

ሙና ቀና አለች።

«ፎቶው ግን የባለፈው ሳምንት ነው ተብያለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ በቀስታ።

ጋሹ ወደ ሙና አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ቶሎ ሰበረ። «ይሁና። ሁልጊዜ አብረው ነው የሚውሉት ለማለት ነው።»

ከዚያ ተነስተው ለተዕዚያ፣ ሐዘንተኛ ለማጽናናት፣ ወደ ሸረፈዲን ቤት ሄዱ። ሚስቱ ከሪማ በሴቶች መሀል ተቀምጣለች። ሰርክአዲስ ጎንበስ ብላ አጽናናቻትና፣ ይቅርታ ጠይቃ ፎቶውን አሳየቻት። ከሪማ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጃኬቱ» አለች። «ይሄን አረንጓዴ ጃኬት እኔ ነኝ የገዛሁለት፣ በዋዜማው። ጠዋት ብርድ ነው፣ ልበሰው አልኩት። ያን ቀን ነው መጀመሪያ የለበሰው። እሱኑ እንደለበሰ ነው ያመጡልኝ።»

ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ ሙናን አየቻት። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

በሩ ላይ፣ ጫማ በተደረደረበት፣ ሙና የኢንስፔክተሯን እጅ ያዘች። «ዋሽቼዎታለሁ» አለች። ፎቶው መቼ እንደመጣ፣ ምን ብላ እንደጻፈች፣ መልእክቱ እንዴት እንደጠፋ፣ ሁሉንም ተናገረች። «ኮርቻውንም አውቀዋለሁ። ግን…»

«ፎቶው ሙሉው አለሽ?»

«ላፕቶፔ ውስጥ አለ።»

«አምጪው። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው» አለች ሰርክአዲስ። «አንድ ቀን ብትቀድሚ መልካም ነበር።»

ከሪማ የባል ሐዘን በሚጠበቅበት በዒዳ ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ ሁሉም እዚያው፣ ከውስጠኛው ክፍል ተሰበሰቡ። ጋሹ ተጠርቶ መጣ። ሙንዚር በፖሊስ ታጅቦ ገባ፤ ፊቱ ያበጠ፣ እንቅልፍ ያጣ ነበር። ከሪማን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ሙና ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀመጠች።

ሰርክአዲስ ቆማ ጀመረች። «እኔን ያስቸገረኝ አንድ ጥያቄ ነው። አትጠጉ ያለ ሰው ራሱ ለምን ተጠጋ? መልሱ ይሄ ፎቶ ነው። ጃኬቱ ፎቶው የሞተበት ዕለት መነሳቱን ይነግረናል። ጀርባውን ሰጥቶ ከሩቅ የቆመ ሰው ደግሞ ራሱን አያነሳም። ስለዚህ ሌላ ሰው አብሮት ነበር። ፎቶው የተላከው ከድርጅቱ ቴሌግራም ነው፤ እሱ ያለው በሦስት ስልኮች ነው። አንዱ ከሟቹ ኪስ ተሰባብሮ ተገኝቷል። ሁለት ቀሩን።»

ሁሉም ሙንዚርንና ጋሹን አዩ።

«ሙንዚር፣ ሰው ፎቶ ስታነሳ የት ታቆመዋለህ?»

«መሀል ነዋ» አለ ሙንዚር ግራ ተጋብቶ። «የት ላቆመው ኖሯል?»

«እኔም እንዳንተው ነኝ። ይሄን ያነሳው ሰው ግን ግራውን ለጽሑፍ ባዶ አድርጎ ትቷል። ያ ትምህርት የተሰጠው ለአቶ ጋሹ ነው።»

«ለሁሉም ነግሬያቸው ነበር!» አለ ጋሹ።

«ለእኔ የነገረኝ የለም፣ ወላሂ» አለ ሙንዚር።

«እሱን እንተወው» አለች ኢንስፔክተሯ። ስልኳን ለጋሹ ዘረጋችለት። «ገጹ ይኸውልዎ። በየቀኑ የሚያዩት ነው። ኮርቻውን ያሳዩኝ።»

ጋሹ ስልኩን ተቀበለ። ፎቶውን በጣቱ ወደ ላይ ገፋው፣ ወደ ታች ሳበው፣ አተለቀው። የሸረፈዲን እግር ከቁርጭምጭሚቱ በታች አይታይም። ኮርቻ የሚባል ነገር የለም።

«እዚህ… እዚህ ነበር» አለ።

«ገጹ ላይ ኖሮ አያውቅም። ሙና፣ አሳዪን።»

ሙና ላፕቶፑን አዞረች። ሙሉው ፎቶ ወጣ። ከታች፣ ሣሩ ላይ፣ ኮርቻ ተጋድሟል። «ሸረፈዲን በፈረስ ሄዶ ይሆናል» አለች። «ኮርቻው ዓይን ይሰርቃል ብዬ ገጹ ላይ ከመጫኔ በፊት ቆረጥኩት። ማንም አላየውም።»

«ከሙናና ፎቶውን ካነሳው ሰው በቀር» አለች ሰርክአዲስ። «አቶ ጋሹ፣ ሙንዚርን ሊከሱበት ባነሱት ኮርቻ ራስዎን አጋለጡ። ያን ገጽ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜ ቢከፍቱት ኖሮ ይህን አይሉም ነበር። ለምን አልከፈቱትም?»

ጋሹ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። «ማየት አልቻልኩም» አለ።

ከዚያ ቃሉ ከአፉ ተንጠባጠበ። «አልገፋሁትም። እመብርሃን ምስክሬ ናት። መልእክቱን አነበብኩለት። ‹እዚያ ጋ መሬቱ አያስተማምንም› አለኝ። አንድ እርምጃ ብቻ አልኩት። እየሳቀ ሄደ። መሬቱ ከእግሩ ሥር ከዳው።»

«መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ሙና። ሳትጠየቅ ነው የተናገረችው። የከሪማ ዓይን ፊቷ ላይ ሲያርፍ አቀርቅራ ቆየች።

«እስከዚህ ያለው አደጋ ነው ሊባል ይችላል» አለች ሰርክአዲስ። ድምፏ ዝቅ አለ። «ከዚህ በኋላ ያለው ግን አይደለም። ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል። ከገደል የወደቀ ሰው ክንዱን ተንተርሶ አይተኛም፤ ያ ሰው ራሱን አመቻችቶ ጠብቋል። ማንን ነበር የሚጠብቀው፣ አቶ ጋሹ?»

ጋሹ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ስሜን ጠራ» አለ። «ሰው ላመጣ ብዬ ሮጥኩ። እውነቴን ነው፣ ላመጣ ነበር። መንገድ ስደርስ ግን ድርጅቱ ይዘጋል፣ እኔም እታሰራለሁ አልኩ። መልእክቱን አጠፋሁ። መኪና መጣ። ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ እያለ ረዳቱ ይጣራል። ተሳፈርኩ።»

«ስምህን ሲጠራ እየሰማህ?» አለች ከሪማ።

ፖሊሱ የጋሹን ክንድ ይዞ ሲያስነሳው እንደ ልጅ ተከተለው።

ሰርክአዲስ ስትወጣ ሙና አጠገብ ቆም አለች። «ለጻፍሽው ቃል ሕግ አይጠይቅሽም» አለች። «ስለዋሸሽኝ ግን ጣቢያ መጥተሽ ቃልሽን ትሰጫለሽ። የቀረው የራስሽ ነው።»

ሙና ቃሏን ከሰጠች በኋላ በሚኒባስ ፈረሶቹ ወደሚውሉበት ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣች። ሙንዚር ከሜዳው ዳር የሚያነክሰውን ፈረስ ኮቴ እያገላበጠ ያያል። ሲያያት አልተነሳም።

«ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ» አለችው። «እውነቱን ያኔውኑ ብናገር ኖሮ አይይዙህም ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

«ፈርቼ ነው።»

ሙንዚር የፈረሱን እግር ቀስ አድርጎ አወረደ። «መታሰሩን ተይው» አለ። «ድንጋይ ላይም ተኝቼ አውቃለሁ። እሱ ግን አብሮኝ ያደገ ሰው ነው። በፈረስ ተጣላን እንጂ በሌላ ተጣልተን አናውቅም። ቢያንስ ቀብሩ ላይ እደርስ ነበር። አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ስትደረድረው የመጣችው ቃል ሁሉ ከንቱ ሆነባት። «ይቅር በለኝ፣ አፉ በለኝ» አለች።

ሙንዚር ልጓሙን ይዞ ተነሳ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነው።

«አላህ አፉ ይበልሽ» አለ። «እኔ ገና ነኝ።»

ፈረሱን እየሳበ ወደ ውሃው ወረደ። ሙና በቆመችበት ቀረች።