የጭራው ተኳሽ

ቦምባቸውን ጥለው ፊታቸውን ወደ ቤት አዞሩ። ፊታቸውን ሲባል የሦስቱን ነው፤ አብራሪው፣ መንገድ መሪውና ቦምብ ጣዩ ከፊት ናቸው። አራተኛው፣ «ጭራው» የሚሉት ተኳሽ፣ በአውሮፕላኑ ጫፍ በምትገኝ የመስታወት ክፍል ውስጥ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተኮራምቷል። ይህን ሁሉ ሲበር አንድም ቀን የሚሄድበትን አይቶ አያውቅም፤ የሚያየው ያለፈውን ብቻ ነው። ከሰው የሚያገናኘው አንድ የስልክ ገመድ ነበር።

«ጭራው፣ አለህ?» ይለዋል አብራሪው በየመሀሉ።

«የት እሄዳለሁ፣ ሻምበል?»

ጨዋታቸው ይቺው ነበረች።

በረሃው አልቆ ተራራው ሲጀምር ደመና ዋጣቸው። መስታወቱን በረዶ ጋረደው፤ ጭራው በጓንቱ ይፍቅ ጀመር። ከደመናው ሲወጡ ሁለት የጠላት አውሮፕላኖች እየጠበቋቸው ኖሯል። የመጀመሪያው ተኩስ መስታወቱን አረገፈው፤ ገመዱን በጠሰው፤ ግራ ክንዱንም ሸረከተው። እሱም አፀፋውን ሰጠ። አንደኛው እየጨሰ ገደል ገባ።

«ሻምበል?» አለ። መልስ የለም።

ወዲያው ከአውሮፕላኑ ኋላ፣ ዓይኑ ፊት፣ ነጭ ፓራሹት ተዘረጋ፤ ቀጥሎም ሌላ። ሦስተኛውን ጠበቀ። አልመጣም። ወይ አብራሪው ሞቷል፣ ወይ ቆስሎ መሪውን ይዟል። ጭራው እንደዚያ ሰዓት ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ ልቡ ፈራ። ፓራሹቱ ጀርባው ላይ ነው። እጁን ወደ መዝለያው በር ሰደደ።

ይሄኔ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዘመመ። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ክንፉን ለጥቂት ስቶ አለፈ።

«የሞተ ሰው እንዲህ አያዞርም» አለ ለራሱ፤ እጁን ከበሩ መለሰ።

ሁለተኛው ጠላት መጣ። ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰበት። ጠላት ዞሮ እንደገና ሲመጣ ባዶውን መትረየስ በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ደግኖ፣ ምንም እንዳልጎደለበት ሰው በአፈሙዙ ተከተለው። ጠላት ቀረበ፤ መነጽሩ እስኪታይ ቀረበ። ከዚያ ተጠማዞ ሄደ። ጭራው ሳቀ፤ ወዲያው እንባው መጣ።

ወደ ፊት የሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ፓራሹት ያዘለ ሰው አያሳልፍም። ፈትቶ ጣለውና በደረቱ ተሳበ። አብራሪው ፊቱ በደም ተሸፍኗል፤ እጆቹ ግን መሪውን አልለቀቁም።

«ማነው?»

«ጭራው ነኝ።»

«ዝለሉ ብዬ ነበር እኮ።»

«ገመዱ ተበጥሶ አልሰማሁም። እርስዎስ ለምን አልዘለሉም?»

«መትረየስህ ወንበሬን ሲያንቀጠቅጠው ነበር። አንተን ጥዬ ወዴት ልሂድ?»

ሁለቱም የቆዩት አንዱ ለአንዱ ብለው ኖሯል።

«የቀረችኝም ዓይን ጨለመች» አለ አብራሪው። «ፊት ለፊት ምን አለ?»

ጭራው ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየ። ተራራው ለሁለት ተከፍሏል፤ ከስንጥቁ ማዶ የማረፊያቸው ሜዳ ተዘርግቷል።

«ቤታችን ይታያል» አለ። «ትንሽ ወደ ግራ። በቃ። አሁን ዝቅ ያድርጉት።»

ጎማው ፈነዳ፤ ክንፉ መሬቱን እያረሰ ተጎተተ። በመጨረሻ ቆመ። ሞተሮቹ ዝም ሲሉ የአብራሪው እጅ በአየር ላይ ይዳብስ ጀመር።

«ጭራው፣ አለህ?»

ዛሬ አልቀለደም። እጁን ያዘውና «አለሁ» አለ።