«በማን ላይ ነው የተጠናው?»

«አዎ የሚል ጥናት ፈልግልኝ!»

ፍቅር በዚህ ዓይነት ቃል ይጀመራል ብሎ የሚገምት ማን አለ፣ ወዳጆቼ? እሷ ግን የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ እንዲያ ነው ያለችው። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ... ለካ ቆንጆ ኖሯል!

«ምኑን ነው አዎ የሚለው?»

«የፍራፍሬ ጭማቂ የደም ግፊት ይቀንሳል የሚል። ኢንተርኔት ላይማ ሞልቷል፤ አንዱ ፈውስ ነው ይላል፣ አንዱ መርዝ ነው ይላል። እኔ የሚታመን ነው የምፈልገው።»

«ለምን...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። አንባቢን ለምን ፈለግሽው ብሎ መጠየቅ በዚያ ቤት ክልክል ነው።

«ለአሳይመንት» አለችው ፈጥና።

ዋሸችው። ለድልድይ ምሕንድስና ተማሪ የጭማቂ አሳይመንት የሚሰጥ የት አለ! ነገሩ ወዲህ ነው፦ አባቷ ግፊትም ኩላሊትም አለባቸው። ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ በአንድ ቃል ግቢ ሙሉ ተማሪ ጸጥ ያሰኙ የነበሩ። «ሕመሜ ከዚህ በር እንዳይወጣ!» ብለው አዘዋል። የሐኪም ምክር እንኳ ለማንም አላካፈሉም። እናቷን በልጅነቷ ያጣች ልጅ፣ አሁን እሳቸውንም እንዳታጣ ነፍሷ ተጨንቃለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከጠረጴዛው አልጠፋችም። ጥናቱን ማን እንዳሳተመው፣ ወጪውን ማን እንደሸፈነ፣ በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሞ እንደሁ እንዴት እንደሚታይ አስተማራት። አገኘሁ ብላ ስትፈነድቅ ግን ሁልጊዜ ያቺኑ ጥያቄ ይደቅንባታል፦

«በማን ላይ ነው የተጠናው?»

«በአይጥ...»

«አሳይመንቱን የሚጠጣው አይጥ ነው?»

ሳቋ አመለጣት። «አቶ በማን ላይ» ብላ ስም አወጣችለት። ጥናት ፍለጋ የመጣች ልጅ፣ ቀስ በቀስ የእሱን ድምፅ ፍለጋ መምጣት ጀመረች።

አንድ ቀን ከሰዓት እሱ ሌላ አንባቢ ሲረዳ፣ የምትፈልገውን ጥናት ብቻዋን አገኘችው። የታወቀ መጽሔት፣ የተገመገመ ጥናት! ማጠቃለያው «የብርቱካንና የሙዝ ጭማቂ የደም ግፊትን ቀንሷል» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማን ያነባል! የመጀመሪያውን ገጽ አትማ ወደ ቤቷ በረረች። ኮምፒውተሩን እንኳ አልዘጋችም።

አብራቸው የምትኖረው አክስቷ ጭማቂውን በትልቅ ብርጭቆ ሞልታ አቀረበች። አባቷ ጨለጡት። «ይጣፍጣል እኮ» አሉ። አክስቷ ሁለተኛውን ስትቀዳ ስልክ ጮኸ።

«እኔ ነኝ... ከቤተ መጻሕፍቱ። ይቅርታ፣ አንድ ነገር...»

«ስልኬን ማን ሰጠህ?»

«ከአንባቢዎች መዝገብ አየሁት። ግን ስሚኝ...»

«ማነው እሱ?» አሉ አባቷ አፍጥጠው።

ፊቷ ቀላ። «አታፍርም!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ደግሞ ደወለ፤ ደግማ ዘጋችው። በንዴት ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መልእክት ላከች፦ ሠራተኛችሁ ስልኬን ከመዝገብ ወስዶ እያስቸገረኝ ነው። እንደዚያ አምኜው... አለች በሆዷ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ስልኳ እንደገና ነዘረ። ጽሑፍ ነው።

«ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍሽው ፍለጋ ሁሉ ተከፍቶ ቀርቷል። ‹አባቴ ኩላሊት አለበት፣ ምን ይጠጣ?› ይላል። እባክሽ ጭማቂውን እንዳይጠጡ! በማን ላይ እንደተጠና ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።»

ሁለተኛው ገጽ የላትም! ቀና ስትል አባቷ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው እያስጠጉ ነው።

«አባዬ፣ አይጠጡት!»

ከእጃቸው መነጨቀችው። ጭማቂው ሸሚዛቸው ላይ ተደፋ። ከእሳቸው እጅ ነገር የነጠቀ ሰው እስከዚያን ቀን አልተፈጠረም።

«አበድሽ?!» አሉ።

ስልኳን አነሳችና ለቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ደወለችለት። «አንብብልኝ!»

«ጤነኛ ወጣቶች ላይ ነው የተጠናው» አላት። «የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን አላካተተም። ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም ይበዛባቸዋል። የደከመ ኩላሊት በደንብ አያስወጣውም፤ ሲጠራቀም ልብ ያውካል። ጠጥተዋል እንዴ?»

«አንድ ብርጭቆ...»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሁኑኑ ወደ ሐኪም ውሰጂያቸው!»

ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ ዶክተሯ የደም ምርመራውን አየች። ፖታሲየማቸው ቀድሞም ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ብሶበታል። መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ልባቸውን በማሽን ተከታተሉት። በኋላ ዶክተሯ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«በጊዜ ደርሳችኋል» አለቻት። «ብትደጋግሙት ኖሮ ግን... እንዲህ አናወራም ነበር።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው የላከችው ክስ ትዝ ያላት።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍቱ ስትሮጥ ደረሰች። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እሱን ምድር ቤት፣ የተቀደዱ መጻሕፍት ሲጠግን አገኘችው።

«ክሱን አንስቻለሁ! ሁሉንም ለኃላፊዋ ነገርኳት።»

«የጻፍሽው እውነት ነው» አላት። «ስልክሽን ማየት አልነበረብኝም። ኃላፊዋም ለጊዜው እዚህ ሁን ብላኛለች፤ አልከፋኝም።»

«እንደምትቀጣ እያወቅክ ለምን ደወልክ?»

«አባትሽ ናቸዋ!» ሙጫውን አስቀመጠ። «ደግሞ... አንቺ ነሽ። ቀኑን ሙሉ በሩን የማየው አንቺን ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ አታፍርም አልኩህ...»

«ይቅርታ ብትዪኝ ይበቃኛል።»

«ይቅርታ። ይቅርታ በእናትህ!»

ከደረጃው የከዘራ ድምፅ ተሰማ። አባቷ አክስቷን ተደግፈው ይወርዳሉ። ከሆስፒታል ወጥተው ገና ወደ ቤት እንኳ አልደረሱም።

«ልጄ ያወራችልኝ፣ አቶ በማን ላይ የሚባለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ብድግ ብሎ።

አባቷ ተነፈሱ። «የኩላሊት ሕመምተኛ ነኝ» አሉ ጮክ ብለው። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ያ ቃል ከቤታቸው በር ወጥቶ አያውቅማ! «ምን መብላት እንዳለብኝ ዶክተሯ ነግራኛለች። ለምን እንደሆነ ግን ራሴ ማንበብ እፈልጋለሁ። አዎ የሚለኝን ሳይሆን፣ እውነቱን። ታስነብበኛለህ?»

«በደስታ!» ወንበር ሳበላቸው።

ተቀመጡና ከዘራቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ። «አንድ ነገር ግን። የልጄን ስልክ ስትፈልግ ከመዝገብ አትውሰድ። ራሷን ጠይቃት።»

ልጁ ወደ እሷ ዞረ። ላብ አጥምቆታል።

«ስልክሽን... ትሰጪኛለሽ?»

ቁጥሩን ያውቀዋል። እሷም እንደሚያውቀው ታውቃለች። ቢሆንም አጠገቡ ቆማ፣ አንድ በአንድ ነገረችው፤ እሱም ጽፎ እስኪጨርስ አባቷ ጥናቱ የታለ ሳይሉ በትዕግሥት ጠበቁት።